ልጆቼን ቤት ነው የማስተምረው፣ ደብተር ማየት የሚያስጠላኝ ቀን ምን ላድርግ?

የሁለቱ እናት፦

ሰላም የድሬና የሀረር ሰዎች እንዴት ናችሁ፣ ትንሽ ይረዝማል ግን ታገሱኝ የምተነፍስለት ሰው አጥቼ ነው።

እኛ ከጅቡቲ ነው የመጣነው። ባለቤቴ ስራው እዛ ሲያበቃ አምና ክረምት ጠቅልለን ድሬ ገባን። ልጆቹ ተወልደው ያደጉት እዛ ነው፣ ትልቋ 9 ዓመቷ ነው በፈረንሳይኛ ነበር የምትማረው፣ ትንሹ ደግሞ 6 ሊሞላው ነው። አማርኛ ቤት ውስጥ ስለምናወራ ጥሩ ይናገራሉ ግን ፊደል ሀ በሉ ብትሏቸው ጭራሽ አያውቁም ነበር። ትምህርት ቤት ላስመዘግብ ስሄድ ትልቋ አንደኛ ክፍል ካልጀመረች አንቀበልም አሉኝ፣ እሷ ደግሞ ቁመቷ እኔን ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ ከነዛ ጩጬዎች ጋር አልቀመጥም ብላ ለቅሶዋን አቀለጠችው። ከባሌ ጋር ብዙ ተነጋገርንና አንድ ዓመት ቤት ላስተምራቸው፣ ፊደሉን ንባቡን ሂሳቡን በአማርኛ ላስይዛቸው፣ ከዛ ተፈትና በእድሜዋ ልክ ትግባ አልን። እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው።

መስከረም ላይ አቤት ወኔዬ! ሳሎን ሰሌዳ አሰቀልኩ፣ የፊደል ገበታ፣ ባለቀለም ቾክ፣ ፕሮግራም አውጥቼ 2 ሰዓት ሂሳብ 3 ሰዓት አማርኛ ምናምን፣ ጎረቤት ሁሉ ዳይሬክተሯ ነበር የሚለኝ። አሁን ግንቦት ነው፣ የድሬን ግንቦት ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ገና 4 ሰዓት ሳይሞላ ቤቱ ይግላል፣ መብራት ሲጠፋ ቬንትሌተሩ ይቆማል፣ ትንሹ ከናቴራውን አውልቆ ሲሚንቶው ላይ በሆዱ ይዘረጋል፣ በቃ እሱን ከዛ ማንሳት አይቻልም።

ሙቀቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። አንዳንድ ቀን ጠዋት ገና ስነሳ ያንን ደብተር ሳስበው ራሱ ይደክመኛል። ልጆቹ አስጠልተውኝ አይደለም፣ ማስተማሩንም ወድጄ ነው የጀመርኩት፣ ግን እጄ አይነሳልኝም። ሰኞ ለት ትልቋን ሰባ አምስትን በቁጥር ጻፊ አልኳት፣ ኮርኒሱን እያየች በከንፈሯ በፈረንሳይኛ ታሰላዋለች፣ እነሱ ሰባ አምስትን ስልሳ አስራ አምስት ነው የሚሉት "ሷሳንት ካንዝ" ብለው፣ ብዙ ቆይታ 65 ጻፈች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ደብተሩን ከድኜ ወጥ ቤት ገባሁና ሽንኩርት መክተፍ ጀመርኩ፣ እሷም ምንም ሳትለኝ ሰሌዳውን አጥፍታ ቲቪ ከፈተች። በዛው ቀኑ አለቀ፣ ማክሰኞም ያው።

እና ጥያቄዬ፣ እንዲህ አይነት ቀን ሲመጣ ዘግታችሁ ታርፋላችሁ ወይስ እያስጠላችሁም ትገፉበታላችሁ? ከዘጋሁ ክረምት ላይ ልጄ ፈተናውን ትወድቅብኛለች ብዬ እፈራለሁ፣ ከገፋሁ ደግሞ እጮህባቸዋለሁ። "ጠንከር በይ" የሚለውን አማቴ በየቀኑ ስለምትለኝ እሱን ዝለሉልኝ።

ጁገል፦

አብሽሪ እህቴ። እኔ ሀረር ነኝ፣ ልጄ አስሙ ብሶበት ሁለት ዓመት ቤት አስተምሬዋለሁ ስለዚህ የምታወሪው ነገር ገብቶኛል ወላሂ። እኛ ጋር የናንተ ሙቀት የለም ግን ደብተር የሚያስጠላ ቀን በደንብ አለ ሃሃ።

እኔን ያወጣኝ ምን መሰለሽ፣ አጎቴ አላህ ይማረውና ቁርአን ያስቀራ ነበር። ልጆቹ ሎሃቸውን፣ የሚጽፉበትን የእንጨት ሰሌዳ ማለቴ ነው፣ ይዘው ይመጣሉ፣ ትናንት የጻፉትን በቃላቸው ይሉለታል፣ የያዘው ልጅ ሎሁ ታጥቦ አዲስ ይጻፍበታል፣ ያልያዘው እዛው ላይ ይቆያል፣ በቃ ሌላ ጣጣ የለውም። አጎቴ አንዳንዴ ራሱን አሞት ጋደም ብሎ ነበር የሚያዳምጣቸው፣ ግን ልጆቹ ሲገቡ ምን እንደሚያደርጉ ስለሚያውቁ እሱ መነሳትም አይጠበቅበትም፣ ትልልቆቹ ትንንሾቹን ይይዛሉ። ኡስታዝ ዛሬ ሙድ የለኝም ሲል ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

እና እኔም እንደዛ አደረግኩ። በደበረኝ ቀን አዲስ ትምህርት የሚባል አልነካም። ትናንት የተማርከውን አምጣ፣ አንብብልኝ፣ አምስት ቃል ሳታይ ጻፍ፣ ጨርሰሃል ሂድ። እኔ ትራሱ ላይ ተደግፌ ነው የምሰማው። ሲሳሳት እንኳን እዛው ነገ ትደግመዋለህ እለዋለሁ እንጂ አላስረዳም፣ ማስረዳት ነው ሰው የሚጨርሰው።

ሌላ ደግሞ የአያቴ ቤት የድሮ የሀረሪ ቤት ነው፣ ነደባው፣ መቀመጫ መደቡ ማለቴ ነው፣ ካየሽው አምስት ነው ከፍ ዝቅ እያለ፣ የትልቅ ሰው ቦታ አለ የልጅ ቦታ አለ። ልጄን ከበሩ አጠገብ ካለው አስጀምረውና አንድ ገጽ ባነበበ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣል፣ አሚር ነደባው ላይ ከደረሰ ሻይ በሙሸበክ ጣፋጭ አምጪ ብሎ ያዘኛል እኔም እታዘዛለሁ። አያቴ መጀመሪያ አልወደደችውም ነበር፣ የአባወራ ቦታ ላይ ልጅ ተቀምጦ ሲያዝ፣ በኋላ ግን ራሷ እየጠራች አንብብ ትለው ጀመር።

ሚሚ ሰቢያን፦

ጁገል አቦ ሀሳብሽ ደስ ይላል ግን አጎትሽ እኮ ምሳ አያበስልም ነበር!! ውሃ መጣ ሲባል በርሜል ለመሙላት አይሮጥም፣ እንጀራ አይጋግርም፣ የታመመ ልጅ አዝሎ ክሊኒክ አይሄድም። አስቀርቶ ሲጨርስ ምሳው ይቀርብለታል። እኛ ደከመን ስንል ሰው ሁሉ ማስተማሩ የደከመን ይመስለዋል።

የሁለቱ እናት፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ደብተሩን የምታነሺው ስንት ሰዓት ነው? ቁርስ ሰርተሽ፣ እቃ አጥበሽ፣ ቤት ጠርገሽ፣ ልብስ ዘፍዝፈሽ ከዛ 3 ሰዓት ላይ ከሆነ እኮ ጉልበትሽን ጨርሰሽ ነው ሰሌዳው ፊት የምትቆሚው፣ በዛ ላይ ፀሀዩ ወጥቷል። እኔ የእህቴን ልጆች ሳስጠና ያየሁት ድሬ ላይ ሰው ጭንቅላት አለው የሚባለው ከ12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ነው ከዛ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። ቀትር ላይ ከተማው ጭር የሚለው እኮ ሰዉ ሰነፍ ሆኖ አይደለም። እቃው ሳይታጠብ ይደር ይቆይ፣ ልጆቹን ገና ከነፒጃማቸው በረንዳ ላይ ምንጣፍ ዘርግተሽ ሻይ በዳቦ እየበሉ ያንብቡልሽ፣ 2 ሰዓት ላይ ትጨርሻለሽ። ከዛ በኋላ ቤቱን ብትጠርጊ ባትጠርጊ ያንቺ ጉዳይ ነው፣ ማንም ነሐሴ ላይ ቤትሽ ተጠርጎ ነበር ወይ ብሎ አይፈትንሽም።

ከዚራ፦

ይቅርታ አድርጊልኝና እኔ ልጅ ቤት ማስተማር የሚባለው ነገር አይዋጥልኝም። ልጅ ከልጅ ጋር ነው የሚያድገው። አንደኛ ክፍል ገብታ ቢሆን እስካሁን ጓደኛ አፍርታ፣ ቋንቋውን ለምዳ፣ ድብል መታ ሶስተኛ ትደርስ ነበር። አንቺም እንዲህ አትቃጠይም። ነገሩ ካቃተሽ መተው ነውር የለውም።

ሚሚ ሰቢያን፦

ከዚራ እሷ የጠየቀችው ግንቦት ላይ ምን ላድርግ ነው፣ አንተ የምታወራው ስላለፈው መስከረም። በዚህ ሰዓት የትኛው ትምህርት ቤት ነው ልጅ የሚቀበለው?

ከዚራ፦

እሺ እሱስ ልክ ነሽ። ግን ጓደኛ ያስፈልጋቸዋል ያልኩትን አልተውም፣ ቢያንስ ከሰዓት ሰፈር ውስጥ ኳስ ይጫወቱ።

ቲቸር፦

ሰላም፣ ዘግይቼ ነው ያየሁት። እኔ እዚሁ ድሬ የመጀመሪያ ሳይክል አስተማሪ ነኝ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ስለዚህ ከአስተማሪ ጓዳ ያለውን ልንገርሽ ምናልባት ያቀልልሽ ይሆናል።

አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ከዛ ውስጥ ገብቼ ልጆች እስኪነሱ እስኪቀመጡ፣ ስም ጠርቼ፣ ደብተር የረሳ እስክሪብቶ የጠፋበት፣ እሱ መታኝ እሷ ቆነጠጠችኝ፣ የቤት ስራ አየሁ፣ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፣ እነሱ ገለበጡ። ለአንድ ልጅ ፊቱን አይቼ ገብቶሃል አልገባህም ለማለት የምትተርፈኝን ብትሰሚ ታዝኚያለሽ፣ ሃምሳና ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል ምናልባት በቀን አንዴ ባገኘው ነው፣ የማላገኘውም አለ። አንቺ ሁለት ልጅ ነው ያለሽ። ለ9 ዓመቷ አንድ ሰዓት ከምናምን፣ ለትንሹ ግማሽ ሰዓት ተቆራርጦ በደንብ ይበቃል፣ ይህን የምለው ላጽናናሽ አይደለም። መስከረም ላይ ያወጣሽው ፕሮግራም የኛ ነው፣ የኛ ፕሮግራም ደግሞ ብዙ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ለማቆየት ነው እንዲህ የረዘመው። ያንን ለሁለት ልጅ ቤት ውስጥ ካስኬድሽው ግንቦት ላይ መውደቅሽ አይገርምም፣ እኛም ደመወዝ እየተከፈለን ግንቦት ላይ እንወድቃለን። ስታፍ ሩም መጥተሽ ብታይን።

ስለዚህ ለመጥፎ ቀን የምለው፣ ሙሉ ዘግተሽ አትተዪ ግን ሙሉም አትያዢ። ጁገል ያለችው ነገር በደንብ ይሰራል፣ ትናንት የተማሩትን ከጭንቅላት ማስወጣት ከአዲስ ትምህርት ያነሰ ስራ ይመስላል እንጂ ልጅ ነገር የሚይዘው በሱ ነው። ሩብ ሰዓት በየቀኑ የተነበበ፣ ቅዳሜ ሶስት ሰዓት ሙሉ ከተነበበ ይሻላል፣ ይህን በ2012 መጋቢት ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት ሲዘጋ በዓይኔ አይቻለሁ። ስንመለስ አንደኛ ክፍል የነበሩት ልጆች ፊደሉን እርግፍ አድርገው የረሱት ነበሩ፣ ታላቅ ወንድም ወይ እህት በየማታው ትንሽ ትንሽ ያስነበባቸው ደግሞ ወዲያው ታወቁ፣ የነሱ እናቶች ፕሮግራም ሰሌዳ ምናምን አልነበራቸውም።

ስለ ልጅሽ ደግሞ። በፈረንሳይኛ ማንበብ የቻለች ልጅ ማንበብ ምን እንደሆነ ገብቷታል፣ ከዜሮ አይደለም የጀመረችው። ፈረንሳይኛ ላይ የማይነበብ ፊደል መጨረሻ ላይ ተደርድሮ ነው የለመደችው፣ ፊደላችን 33 በ7 231 ነው ብለሽ አታስፈራሪያት፣ የተጻፈው ሁሉ ይነበባል፣ ይህን ካየች ትፈጥናለች። የሚያስቸግራት የሚጠብቀውና የሚላላው ነው፣ ገና የሚለው የበዓሉ ነው ወይስ ገና አልመጣም ነው የሚለውን ከዓረፍተ ነገሩ ነው የምታውቀው፣ እሱ ደግሞ አማርኛ ስለምትናገር ችግር የለውም። ገበታውን እየደረደርሽ ሀ ሁ ሂ ማስባል ካስጠላሽ ተዪው፣ የምታውቀውን ነገር ስም ታንብብ፣ የሱቅ ታፔላ፣ የብስኩት ማሸጊያ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ ሁሉ።

ሂሳቡን ደግሞ በፈረንሳይኛ ታስላው ምን ቸገረሽ፣ ማሰብ ከቻለች ችላለች። የአማርኛ ቁጥር ስም ለብቻው ይለመዳል፣ እሱን ሰሌዳ ላይ ሳይሆን ቀፊራ ገበያ ይዘሻት ሂጂ። ሽንኩርት ኪሎ ስንት ነው፣ ሁለት ኪሎ ተኩል ስንት ይሆናል፣ መቶ ብር ሰጠን መልሱ ስንት ነው፣ ቲማቲም በመደብ ከሆነ በኪሎ ቢሆን ይሻለን ነበር ወይ። ደግሞ አንዷ ሻጭ በኦሮምኛ አንዷ በሶማልኛ ትቆጥርላታለች ነጻ ኮርስ ነው። ደብተር ባስጠላሽ ቀን ይህንን አድርጊና ዛሬ ሂሳብ አስተምሬያለሁ ብለሽ በኩራት ተኚ።

አንድ አስቸኳይ ነገር፣ እስከ ክረምት አትጠብቂ። አሁኑኑ ልታስገቢያት የምታስቢው ትምህርት ቤትም ወረዳሽ ትምህርት ጽህፈት ቤትም ሄደሽ ምደባ ፈተናው የስንተኛ ክፍል ነው፣ በምን በምን ትምህርት ነው፣ ብለሽ አስጽፊ፣ የጅቡቲ ካርዷንም አስተርጉመሽ ያዢ። እንቅልፍ የሚነሳሽ ፈተና ምን እንደሆነ ሳታውቂ ነው የምትፈሪው። መጽሐፉን በአዲሱ ስርዓተ ትምህርት የተዘጋጀውን ያዢ፣ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ሞልቷል፣ አሮጌውም አብሮ ስለሚዞር ሽፋኑን እይው።

የሁለቱ እናት፦

ቲቸር እግዜር ይስጥልኝ፣ የ40 ደቂቃዋን ነገር ለባሌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እኔ እኮ ስድስት ሰዓት ሙሉ ማስተማር አለብኝ ብዬ ነው የምሞተው። ሚሚ አዎ 3 ሰዓት ላይ ነው የምጀምረው፣ እንዳልሽው ቤቱን ጨርሼ። አማቴ እዚሁ ግቢ ስለሆነች ቤት ሳይጠረግ ልጅ ማስተማር ማለት በሷ ዘንድ ምን እንደሚመስል አስቢው።

ነርስ ነኝ፦

እኔ ስለ ደብተር ሳይሆን ስላንቺ ልጠይቅ። ይህ ነገር የሚመጣው አንዳንድ ቀን ነው ወይስ አሁን አሁን አብዛኛው ቀን ነው? ሌላ ነገርም ነው ያስጠላሽ ወይስ ደብተሩ ብቻ? ቡና ጠጪ ሲሉሽ፣ ሰርግ ሲጠሩሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ትርጉም ካጣብሽ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ይህም ሁለት ሳምንትና ከዛ በላይ አብዛኛውን ቀን ከቆየ፣ እሱ ስንፍና ወይ የሙድ ጉዳይ ተብሎ አይታለፍም፣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ሄደሽ ሀኪም አናግሪ። ከሀገር ሀገር የተነቀለ ሰው ላይ ይህ ይመጣል፣ ልጆቹ ብቻ አይደሉም ከጅቡቲ የመጡት።

ሁለተኛ ደም ተመርመሪ። የደም ማነስ ያለባት ሴት ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለች፣ ጠዋት ስትነሳ እንዳልተኛች ትሆናለች፣ እና ራሷን ሰነፍ ብላ ትሰድባለች። የታይሮይድ እጢ ስራ ሲቀንስም እንደዛው ነው።

ሶስተኛ ይህ የድሬ ነገር ነው፣ በቅርብ ትኩሳት አሞሽ ነበር? ደንጊ ያመመው ሰው ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ ሳምንታት ሙሉ አቅም ያጣል። ቺኩንጉንያማ በ2011 መጨረሻ ከተማውን ሲያዳርስ ያየ ያውቀዋል፣ መገጣጠሚያው ላይ ወራት የቆየበት ሰው አለ፣ ቾክ ይዞ እጅ ማንሳት ራሱ ያማል። እና በርሜሉን ክደኚው፣ ሁለቱንም የምታስተላልፈው ትንኝ የምትፈለፈለው የተጠራቀመ ንጹህ ውሃ ላይ ነው፣ የምትናከሰውም በቀን ነው፣ የማታ አጎበር ብቻ አይበቃም።

የሁለቱ እናት፦

እህቴ መጋቢት ላይ በትኩሳት አንድ ሳምንት ተኝቼ ነበር፣ ወባ የለብሽም ብለው ማስታገሻ ሰጥተውኝ ተመለስኩ፣ ከዛ ወዲህ ቁርጭምጭሚቴና ጣቶቼ ጠዋት ጠዋት ይያያዛሉ፣ ይህንን ከማስተማሩ ጋር አገናኝቼው አላውቅም። ሌላው ነገር አላስጠላኝም ቡናዬን እጠጣለሁ እስቃለሁ፣ ደብተሩ ነው።

ነርስ ነኝ፦

እንግዲያው ይህን ሳምንት ሂጂ፣ ያኔ የነበረብሽን ትኩሳት ከነጊዜው ንገሪያቸው፣ ጠዋት መገጣጠሚያሽ እንደሚያያዝ በተለይ ንገሪያቸው። ደምሽንም አብረው ይዩልሽ። የህመም ማስታገሻ ግን ራስሽ ከፋርማሲ እየገዛሽ አትዋጪ፣ ደንጊ በሚዞርበት ወቅት አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ትኩሳት ላይ መውሰድ ደም ሊያስፈስስ ይችላል።

የሁለት አባት፦

ወንድ የለም እንዴ እዚህ? እኔ ልናገር። ሚስቴ አስተማሪ ናት ልጆቻችንን ማታ የማስጠናው ግን እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ስታስተምር ውላ የራሷን ልጅ ደብተር ማየት ያስጠላታል። እና ባልሽ የት ነው? ተማክረን ወሰንን ብለሻል፣ ከዛ በኋላ ግን በጽሁፍሽ ውስጥ ጠፋ። አንድ ትምህርት ሙሉ ለሙሉ ይውሰድ፣ ልርዳሽ ሳይሆን የኔ ነው ብሎ። ፈረንሳይኛ ከቻለ ሂሳቡን ይያዝ። በርጫ ላይ ጫት እየቃመ ከሆነም ልጅቷ አጠገቡ ተቀምጣ የማባዛት ሰንጠረዥ ትሸምድድ፣ ምርቃናው እንደሆነ ለማስረዳት የሚያህለው የለም ሃሃሃ። ቀልዴን ነው። ግማሹን።

ሚሚ ሰቢያን፦

የሁለት አባት፣ ይህንን ለወንድሜ ስክሪን ሾት አድርጌ ላኩለት።

የሸሚንደፈር ልጅ፦

እኔ ስለ ማስተማር ብዙ አላውቅም ግን ልጅቷ ፈረንሳይኛ ትችላለች ስትዪ ነው የቆምኩት። አባቴ የባቡር ጡረተኛ ነው፣ እድሜውን ሙሉ ሸሚንደፈር ነው የሰራው፣ ስራው በፈረንሳይኛ ስለነበር እስከ ዛሬ ሲቆጥርም ሲሳደብም በፈረንሳይኛ ነው። አሁን የሚያወራው ሰው አጥቷል፣ ጓደኞቹ አልቀዋል። ልጅሽ አማርኛውን ስትይዝ ፈረንሳይኛው እንዳይጠፋባት አላሳሰበሽም? በሳምንት አንድ ቀን ብታመጫት አባቴ በደስታ ያወራታል፣ ያነብላታል፣ እናቴ አለች፣ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ትንሹም እዛው ግቢ ከእህቴ ልጆች ጋር ይጫወታል። አንቺ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል ማንም ማሚ የማይልሽ ሰው ሆነሽ ትቀመጫለሽ።

ጠዋት ከሆነ ደግሞ ለገሀር ድረስ ከዚራ ሰፈርን በዛፉ ጥላ ስር በእግራችሁ ይዟቸው ይሄዳል፣ ያንን የድሮ ጣቢያ እያሳየ ማውራት ከጀመረ አይመለስም ብቻ። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ድሬ የሚባል ከተማ ገና አልነበረም፣ ሀዲዱ ነው ከተማውን ያመጣው፣ ሀረርን ሳይነካ የቀረው ተራራው ስለከበደው ነው፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፣ ይህንን ሁሉ እሱ ነው እንደ ተረት የሚተርክልን የነበረው። ለልጆችሽ ደግሞ የመጡበት መንገድ ነው። ታሪክም ጂኦግራፊም ብለሽ መዝግቢው።

አሊያንስ ፍራንሴዝም ድሬ አለ ጎራ ብለሽ ለልጆች ምን እንዳለ ጠይቂ።

ጁገል፦

ማሻአላህ ይህን ሰው ሀረር ላኩልን።

የሁለቱ እናት፦

ሁላችሁንም አላህም እግዜርም ይስጥልኝ፣ በአንዴ ስለማልመልስ በጅምላ ልመልስ።

ዛሬ ጠዋት ሚሚ እንዳለችው 12 ሰዓት ተኩል ላይ በረንዳው ላይ ምንጣፍ ዘርግቼ ሞከርኩት፣ ትንሹ ዓይኑን እያሸ "ሰሌዳው የት ሄደ" አለ። አዲስ ነገር አላስተማርኩም፣ ያው ትናንት የተነበበውን ነው። ትልቋ የብስኩቱን ካርቶን አንስታ ያለ ማንም ጥያቄ "የተመረተበት ቀን" ብላ አነበበች፣ ከዛ ጊዜው አልፎበታል ብላ ብስኩቱን ለወንድሟ ከለከለችው፣ አላለፈበትም ነበር፣ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር አስባው ነው፣ ተጨቃጨቁ፣ ማስታረቁ ከትምህርቱ በላይ ወሰደ። ቤቱ እስከ 4 ሰዓት አልተጠረገም። አማቴ በበሩ ሁለቴ አለፈች ምንም አላለችም፣ ዝምታዋን ግን እናንተ አታውቁትም።

ባሌ ሂሳቡን እይዛለሁ ብሏል፣ እናያለን። ማክሰኞ ለምርመራ እሄዳለሁ። ወረዳ ደግሞ ቲቸር ያልከውን ይዤ ሐሙስ።

የሸሚንደፈር ልጅ አባትህ በእውነት ደስ ይላቸዋል? ልጅቷ መጀመሪያ ታፍራለች፣ ከለመደች ግን አፏ አይዘጋም። ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ብናመጣት ይመቻቸዋል?

የሸሚንደፈር ልጅ፦

ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባትመጡ ነው የሚሻለው፣ በርጫ ላይ ናቸው፣ ልጅቷን የሚያስተምሯት ፈረንሳይኛ ሳይሆን የ1950ዎቹን የባቡር ሰራተኛ ስድብ ነው። 11 ሰዓት ተኩል አድርጉት። ወይ ጠዋት 1 ሰዓት፣ እሱ 11 ሰዓት ሌሊት ነው የሚነሳው። አድራሻውን በውስጥ መስመር ልላክልሽ።

ቲቸር፦

ወረዳ ሐሙስ ሳይሆን ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ጠዋት ብትሄጂ ይሻልሻል፣ ሐሙስ ብዙ ጊዜ ስብሰባ ነው። የልጅቷን የልደት ሰርተፍኬት ኮፒ አትርሺ።